ከአንገትጌው ሥር

የካቲት ነው፤ አክሮን ላይ በረዶው ቆሽሿል፤
የትምህርት ቤቱ ጂም በወላጅ ሞልቷል።
መቶ ሃያ ወንበር የዘረጋሁ እኔ
በር ላይ ቆሜያለሁ፣ መወልወያው ከጎኔ።
አጀንዳው አንድ ነው፦ ልጁን ማን ያልብሰው?
ዩኒፎርም ይገደድ ወይስ እንደ ቤቱ ይሁን ሰው?
ለተናጋሪ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አለው፤
ግድግዳው ላይ በቀይ ሰዓቱ ይቆጥረው።

አንድ አባት ተነሣ፣ የጎማ ቤት ሠራተኛ፣
ሦስት ሴት ልጆች ያሉት፣ ዓይኑ እንቅልፈኛ፦
«ቤቴ» አለ «ጠዋት ጠዋት ችሎት ይሆናል፤
ትናንት የተለበሰ ሸሚዝ ይከሰሳል፤
መስታወት ይፈርዳል፣ እንባ ይግባኝ ይላል።
አንድ ዓይነት አልብሱልኝ፣ እባካችሁና
ቁርሳችንን እንኳ እንብላ በጤና።»

ቀጥላ ሚስስ ኮቫች፣ በከዘራ ቆማ፦
«ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ነጭ ለበስኩኝ፤
አንድ ናችሁ ሲሉን አንድ ነን አልኩኝ፤
የደመወዙ ቀን ግን…» ሳል አቋረጣት፤
የቀረው ገባንና ማንም አልጠየቃት።

የዘጠነኛ ክፍሏ ሱስሚታ ተነሣች፤
ማይክራፎኑ ጋ ልትደርስ በጣቷ ተንጠራራች፦
«ይህ ጃኬት እጅጌው የአባቴ፣ ኪሱ መጋረጃ፤
በእጄ ሰፍቼዋለሁ፤ የመኖሬ ማስረጃ።
እንግሊዝኛው ሲጠፋኝ እሱ ነው የሚያወራ፤
ካስወለቃችሁኝ ግን ማን ስሜን ይጥራ?»
ሰዓቱ ገና ነበር። እሷ ግን ጨረሰች።

እኔን ማንም አልጠየቀም፤ ጽዳት ድምፅ አይሰጥም፤
ቢጠይቁኝም እንኳ አንዱን ቃል አልመርጥም።
ግራጫ ሸሚዜ ላይ «ጌሪ» ተጠልፏል፤
ከእኔ በፊት የነበረው ነው፤ ጡረታ ወጥቷል።
አሥራ አንድ ዓመት «ጌሪ» ሲሉኝ አቤት እላለሁ፤
ደመወዙ በስሜ ነው፤ ሸሚዙን ለምጄዋለሁ።

ቀድሞ የሠራሁበት ከወንዙ ማዶ ነው፤
ልጁን ሁሉ በሰማያዊ የሸፈነው።
እውነት ነው፤ ከወገብ በላይ እኩል ሆነዋል፤
ድህነት ግን ከደረት ሲያባርሩት ያውቃል፤
ተንሸራቶ ወርዶ ጫማ ላይ ይቀመጣል።
እኔ ወለል ጠራጊ ነኝ፣ ዓይኔ ታች ነው ውሎው፤
አይቻለሁ ያንን ሶል፣ ሙጫ ብቻ የያዘው።

ግን ደግሞ…

እዚያው ትምህርት ቤት፣ ሰኔ ላይ ሲዘጋ፣
ከጠፉ ዕቃዎች ሣጥን እጄን ስዘረጋ፣
አንድ ሸሚዝ አወጣሁ፤ ክርኑ የሳሳ፤
ከአንገትጌው ሥር ጽሑፍ፣ በማርከር፣ ያልረሳ፦
«ዴሾን»፤ ተሰርዟል። ከሥሩ «ቴሬል»፤
እሱም ተሰርዟል። ከሥሩ «ቢቤክ» ይላል።
የሦስት ልጆች ላብ አንድ ክር ጠጥቷል።
ወንድማማች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን አያውቅም፤
ሸሚዙ ያውቃቸዋል፤ ማንንም አያሳቅቅም።
አጥቤ መለስኩት፤ ነሐሴ ላይ ባየው
የለም፤ አራተኛ ስም ነው የወሰደው።

እንግዲህ የቱን ልበል?
ልብሱ ስም ደበቀ ወይስ ለስም ጎጆ ሆነ?
እንጃ። መወልወያዬን ተደግፌ ቆሜ
ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ስብሰባው ተበተነ።

ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ ለመጋቢት ተባለ፤
ሰዉ ኮፍያውን ደፍቶ ወደ መኪናው ኮበለለ።
ወንበር ሳጥፍ፣ የሰባተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ
አንድ የተረሳ ጃኬት ተንጠልጥሎ ባይ፣
አንገትጌውን ገልጬ ስም አልፈለግኩም፤
ኪሱ መጋረጃ ነው፤ የማን ነው አላልኩም።
ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤
ጠዋት ስትገባ ዓይኗ እንዳይስተው ብዬ አቀናሁት።

ከዚያ ውኃ ቀድቼ የመቶ ሃያ ሰው
ኮቴ ወለወልኩኝ። ጭቃው አንድ ዓይነት ነው፤
ሶሉ ነው የሚለያየው።